ከብልቃጡ የተረፉት ሁለት ክኒኖች

ወይዘሮ አደይ ልጃቸውን በቀበሩ ማግስት፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከቡሬ በሚኒባስ ተሳፍረው ፍኖተ ሰላም ገቡና ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። የበሩ ጠባቂ፣ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ከቤቱ አይወጣም፣ ሰው ልከው ቢያመለክቱ ይሻላል ብሎ ሊመክራቸው ሞከረ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ሰባቱ እስኪወጣ ቢጠብቁ ነገሩ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ነገር ደግሞ የመንግሥት ሰው ቶሎ አያነሣውም ብለው ስላሰቡ ነው። በዚህ እንኳ ብዙም አልተሳሳቱም።

ኢንስፔክተር ውዳሴ ሃይለ ሚካኤል ከቢሮዋ ወጥታ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። የመራዊ እህል ነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷ የበቆሎ ክምር እያሳየ «ስንት ቁና ይወጣዋል?» እያለ ስላሳደጋት ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ ሳትቆጥር አታልፍም። ባልደረቦቿ «ውዳሴ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እንኳ ደረጃውን ትቆጥራለች» እያሉ ይቀልዱባታል። እውነታቸውን ነው፣ ትቆጥራለች።

«ምን ልርዳዎት እማማ?»

«ልጄን ማን እንደገደለው አውጪልኝ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ይሄይስ። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራ ሲጠብቅ ሞተብኝ። ያን አዲስ መድኃኒት ሲሞክሩበት ሰባት ወሩ ነው። ተሽሎት ነበር እኮ። ኋላ የሆነ ሰው የሆነ ነገር አደረገው።»

«መድኃኒቱን በደንብ ይወስድ ነበር?»

«አንድም አልቀረበትም። በእጄ ነው የሰጠሁት።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

ወይዘሮ አደይ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ያ ነርስ አለ፣ ወንዳወቅ የሚሉት። ብልቃጡን ከእጁ ተቀብሎት ዞር ሲል ነው ልጄ የወደቀ። ሚስቱም አለች፣ እንቁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምራቴን መጠርጠሬ አይደለም። ግን ከሞተ ጀምሮ ዓይኔን አታይም። ዓይን የሚሸሽ ሰው ምን አለበት?»

ለውዳሴ ሴትዮዋ የመጡበት ትልቁ ነገር ገና እንዳልወጣ ገብቷት ነበር።

«ደግሞ ፍሬ አለች» አሉ ወይዘሮ አደይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሱ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ያው የአባቷ በሽታ አለባት። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ እንቅልፍ ተኝታ ነበር። እሱ ሲሞት የሷንም ነጠቋት። ይኸው ካቆመች ጀምሮ ሰውነቷን ስትቧጥጥ ታድራለች። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ እሷን ግን አልችልም ልጄ።»

ውዳሴ ደግፋ አስነሣቻቸውና ሚኒባስ አሳፈረቻቸው። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ አመራች።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ላቀው ሳይተኛ የከረመ ሰው መልክ ነበረው። በሽታውን እንዲያስረዳት ስትጠይቀው ወረቀት አውጥቶ ጉበትና አንጀት ሣለላት።

«ሐሞት ከጉበት የሚወርድባቸው ቱቦዎች አሉ። ይህ በሽታ የሚይዘው ከስንት ሺህ አንድ ሰው ነው፤ ቱቦዎቹን እያጠበበ ይዘጋቸዋል። ሐሞቱ መውረጃ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ጉበት ይጎዳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ማሳከኩ ነው፤ ቆዳቸውን እስኪልጡ ያካሉ። በውጭ አገር ጉበት ይቀይሩላቸዋል።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ይህ ሙከራ ነበር ያለን። ከምዕራብ ጎጃም አሥራ አንድ ሕሙማን። ገሚሱ መድኃኒቱን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ ክኒን ይወስዳል። ማን የቱን እንደሚወስድ እኔም አላውቅም። የሟቹ ምድብ አሁን ተከፍቶ ታይቷል፤ እውነተኛውን ነበር የሚወስደው።»

«መድኃኒቱ ገደለው እያሉኝ ነው?»

ዶክተሩ ከመሳቢያው ነጭ ብልቃጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለት ክኒኖች ነበሩበት።

«ለሃያ ስምንት ቀን ሠላሳ ክኒን እንሰጣለን። በቀን አንድ፣ ጠዋት እህል ከቀመሱ በኋላ። ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው። ተመልሰው ሲመጡ ወንዳወቅ ይቆጥራል። ሁለት ከተረፈ ሕመምተኛው በትክክል ወስዷል። ይኸው ሁለት ተረፈ። በትክክል ወስዶ ከሞተ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው። ደሙን አዲስ አበባ ልከናል፤ ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ተቆጣጣሪው ኮሚቴ ግን የፊታችን ማክሰኞ ይሰበሰባል። ሙከራውን ይዘጋዋል።»

«ትንሿ ልጅስ?»

«በልጆቹ ምድብ ውስጥ ናት። ከሰኞ ጀምሮ ለሁሉም አቁመናል፤ ሲዘጋም ለሁሉም ይዘጋል።» ዶክተሩ የሣለውን ወረቀት ጨመደደው። «ሁለት ወር ነበር ሳታክ የተኛችው።»

ውዳሴ ብልቃጡን አንሥታ አየችው። «ከዚህ በፊት ሲቆጠር ስንት ይተርፈው ነበር?»

ዶክተሩ መዝገቡን ገለጠ። «አራት። አምስት። ሦስት። አራት። አምስት። አራት።»

«ስድስት ጊዜ ተሳስቶ በሰባተኛው ልክ ሆነ?»

«ሰው ይለምዳል።»

«ሰው ሲለምድ አራቱ ሦስት ይሆናል ዶክተር። ይሄይስ ስድስት ወር ሙሉ ሲዘነጋ የኖረ ሰው ነው። ወር ሙሉ አንዲት ቀን ሳይስት ከረመ ማለት አይዋጥልኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«አላውቅም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ብቻ ይህ ቁጥር ከልክ በላይ የተስተካከለ ነው።»

ነርሱ ወንዳወቅ የመድኃኒት ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶውን እየከፈተ ይዘጋ ነበር። የቡሬ ልጅ ነው፣ ሃያ ስምንት ዓመቱ። ሰኞ ጠዋት ይሄይስ ሲመጣ ፊቱ ላብ እንደነበረውና እንዳስመለሰው፣ ብልቃጡን ተቀብሎ ሁለት መቁጠሩንና ሐኪም ለመጥራት ዞር ሲል መውደቁን ተናገረ። ሁልጊዜ አብራው የምትገባው ሚስቱ እንደሆነች፣ እናትየው ከደጅ እንደሚጠብቁም ጨመረ።

«ከሰኞ በፊት ከቤተሰቡ…»

«አልተነጋገርንም» አለ፣ ሳትጨርስ።

ውዳሴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። «ጥያቄ ካለዎት ይደውሉ» ይልና የወንዳወቅን ስልክ ቁጥር ይከተላል። ቁጥሩን በቃሏ ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ቡሬ ወርዳ ባጃጅ ተሳፈረች። ጥር ነበርና በየግቢው በርበሬ ተሰጥቷል። የነወይዘሮ አደይ ግቢ ግን በርበሬው ከተሰጣበት አልተነሣም፤ ለቀስተኛ እየረገጠው ገሚሱ ተሰባብሯል። ወይዘሮ አደይና እነ ይሄይስ በአንድ ግቢ፣ ጎን ለጎን በተሠሩ ሁለት ቤቶች ነው የሚኖሩት። ፍሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ክንዷን በበቆሎ ቆረቆንዳ ታክ ነበር። ዓይኗ መልሶ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

«ፍሬ ማለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ። አንቺ መድኃኒቴን ልትመልሽልኝ ነው የመጣሽው?»

ውዳሴ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ቆረቆንዳውን ቀስ አድርጋ ተቀበለቻትና ክንዷን በመዳፏ ታሽላት ጀመር።

«አባቴ የሚጠጣበት ጣሳ ውስጥ ማር ነበር» አለች ልጅቷ፣ ደስ ብሏት። «ልልሰው ስል እማዬ ቀማችኝ። አባቴን ከሆስፒታል ይዘውት የመጡ ለት። ከዚያ በአመድ አጠበችው። ሁለቴ። ሰው ሁሉ እያለቀሰ።»

እንቁ ከጓሮ እንጨት ይዛ ስትመጣ ውዳሴን አየችና ቆመች። ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናት።

«ጣሳውን ለምን አጠብሽው?»

«ዕቃ ይታጠባል።»

«ባል በሞተ ቀን?»

እንቁ እንጨቱን አወረደች።

«ስልክሽን አሳዪኝ እስኪ።» ወስዳ አየች። ቅዳሜ ከሰዓት ለወንዳወቅ ተደውሏል፤ አምስት ደቂቃ ተነጋግረዋል። «ምን ብለሽው ነው?»

«ክኒን ቢተርፍ ምን ይሆናል አልኩት።»

«ለምን ይተርፋል? ሁለት ብቻ አይደል የተረፈው?»

«ከኔ ሌላ ሰው አይጠይቁ። መንደሩ 'ማስታመም ሰልችቷት ነው' ይል የለ? ማሰር ካለብዎት እኔን ይሰሩኝ።»

ሰው ጥፋቱን ሲሸሽግ ውዳሴ ብዙ አይታለች። ይህች ሴት ግን ጥፋት ፍለጋ ደረቷን እየሰጠች ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከኋላው የከለለው ሰው አለ።

ወይዘሮ አደይ ቤት ስትገባ ከመደቡ በላይ፣ በግድግዳው ሽንቁር ውስጥ ሁለት ጣባዎች አየች። አንደኛው ሽምብራ፣ ሌላው ባቄላ ይዟል። እንደ ልማዷ ቆጠረች።

«ይሄ ሽምብራ ለዘር ነው እማማ?»

ወይዘሮ አደይ ውዳሴ ካወቀቻቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አይ ልጄ፣ የስግደቴ ነው። ይሄይስ ሲብስበት የንስሐ አባቴን ለምኜ በቀን አርባ ስግደት ተቀበልኩ። ጉልበቴ ሲይዘኝ ይቀርብኛል። ፊደል አልቆጠርኩ፤ የቀረብኝን ቀን በሽምብራ እይዛለሁ። ሲሻለኝ የቀረውን አጠራቅሜ ባንድ ላይ እሰግድና ሽምብራውን አነሣለሁ። እግዜር ዘግይተህ መጣህ ብሎ አይመልስም። ዋናው እንዳይጎድል ነው።»

«ባቄላውስ?»

«እሱ የልጄ ነው።» ወይዘሮ አደይ ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ለሐኪሞቹ አትንገሪብኝ። ግሽ ዓባይ ጸበል ሁለት ሱባዔ ገብቶ ነበር። ለራሱም ለፍሬም ተስሎ። በሄደበት ቀን ሁሉ አንዳንድ ባቄላ እያኖርኩ ጠበቅሁት። የተመለሰ ዓርብ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

ባቄላው አሥራ አራት ነበር። ውዳሴ ወጥታ አጥሩ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆመች።

የንስሐ አባታቸው መምሬ ክንፈሚካኤል ጸበሉ ድረስ ይሄይስን ያደረሱት ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር አገኘቻቸው።

«መምሬ፣ ይሄይስ ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን ተው ብለውት ነበር?»

«ኧረ ልጄ! ውሰድ ነው ያልኩት። ጸበልና መድኃኒት ምን አጣላቸው? ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው። ግን ብልቃጡን አልያዘም። 'እናቴ ከጸበል ጋር አይደባለቅም ብላ ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች' አለኝ። ሄጄ እንዳላመጣለት መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ሁለቱን ሱባዔ ሙሉ አንድም ክኒን አልወሰደም?»

«አንድም።»

ውዳሴ ቀጠለች። «ሰው የተሰጠው ስግደት በሕመም ቢቀርበትስ አባቴ?»

«የማንንም ንስሐ አልነግርሽም። ሥርዓቱን ከሆነ ሕፃንም ያውቀዋል፤ ሲሻለው ያሟላዋል።» ቄሱ ትኩር ብለው አዩዋት። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ምንም አባቴ። ይፍቱኝ» አለችና መስቀላቸውን ተሳለመች።

ወደ ቡሬ በእግሯ ተመለሰች፤ ባጃጅ እያለፋት። ገዳዩ ነርሱ በሆነ ብላ ተመኘች። ሃያ ዓመት ስትሠራ አንድን ሰው ጥፋተኛ በሆነ ብላ የተመኘችበት ቀን አልነበረም። ዝም ብትልስ? ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። መድኃኒቱ ገደለው ይባላል፣ ማክሰኞ ሙከራው ይዘጋል፣ ወይዘሮ አደይም ነርሱን እየረገሙ ቀሪ ዕድሜያቸውን ይኖራሉ። ፍሬ ግን አትኖርም። እዚህ ላይ ሲደርስ ሐሳቧ ሁሌ ይቆማል፤ እንደገና ትጀምረዋለች፣ እንደገና እዚያው ይቆማል።

እሑድ፣ የይሄይስ ሰባት ዕለት፣ ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሲበታተን ውዳሴ አምስት ሰው ብቻ ወደ ወይዘሮ አደይ ቤት አስገባች። ፍሬን ጎረቤት ወሰደቻት። ዶክተር ላቀውና ወንዳወቅ ከፍኖተ ሰላም መጥተዋል። መምሬ ከወይዘሮ አደይ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እንቁ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«እማማ፣ ማን እንደገደለው አውጪልኝ ብለውኛል» አለች ውዳሴ። «እውነቱን ልናገር ነው። ሲያልቅ ይቅር እንዲሉኝ ከአሁኑ እለምናለሁ።»

«እንኳን ተናገርሽ። ገዳዩ እዚህ አለ?»

«ገዳይ የለም። ያለውን ልንገራችሁ።» ብልቃጡን አወጣች። «ዶክተር፣ ይህ ልክ ነው ብለውኛል። ሃያ ስምንት ቀን፣ ሃያ ስምንት ክኒን፣ ሁለት ትርፍ። ይሄይስ ግን ከሃያ ስምንቱ ቀን አሥራ አራቱን ጸበል ነበር። ብልቃጡ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር።»

ዶክተሩ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ማን ነው ያለው?»

«እኔ ምስክር ነኝ» አሉ መምሬ።

«እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ብልቃጡ ውስጥ አሥራ ስድስት መገኘት ነበረበት። የተገኘው ሁለት ነው። አሥራ አራት ክኒን የት ገባ? ወንዳወቅ፣ ቅዳሜ እንቁ ደውላልህ ነበር።»

ወንዳወቅ አንገቱን ደፋ። «ደውላልኛለች። ጸበል እንደነበረ ነገረችኝ። መትረፍ ያለበት ሁለት ነው፣ ከአምስት በላይ ከተረፈ ሊያስወጡት ይችላሉ አልኳት። ለዶክተር ወዲያው መንገር ነበረብኝ። ሰንበት ስለሆነ ለሰኞ አሳደርኩት። ከሞተ በኋላ ፈራሁ።»

«ካወጡት ልጅቷንም ያስወጣሉ ብለን ነው የደነገጥነው» አለች እንቁ ወለሉን እያየች። «እዚሁ ቤት መጥቼ ነገርኳቸው። ለሁለታቸው፣ ለእሱም ለእናቱም። እሑድ ከሰዓት ለመንገዱ ልብስ ላጥብ ወንዝ ወረድኩ።»

«ስትመለሺስ?»

«ጣሳው አጠገቡ ነበር። ከሥሩ ነጭ ነገር ረግቷል። ቀመስኩት፣ ማር ነው ግን ይመራል። የሥር መድኃኒት መሰለኝ። ሆስፒታል ሁለት ሲቆጠር ነው የገባኝ። ያን ጊዜ እሱ ወድቋል።»

«ጣሳውን ያጠብሽውም ለዚህ ነው።»

«ማንም እንዳያውቅ። ለዘላለም።»

ውዳሴ ከዚህ በላይ ባትሄድ ደስ ባላት፤ ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነበር።

«ይሄይስ ራሱ አውቆ አልወሰደውም። ዶክተር በየቀጠሮው 'ያመለጣችሁን አትደርቡ፣ መርዝ ይሆናል' ይሏቸዋል። ይሄይስ ሰባት ጊዜ ሰምቶታል። እንቁም አብራው እየገባች ሰባት ጊዜ ሰምታለች። ይህን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው ያደረገው፤ ሁሌ ፍሬን ይዞ ከደጅ የሚጠብቅ ሰው። ደግሞም ሊገድል የፈለገ ሰው ሁለት ክኒን ለይቶ አያስቀርም። አሥራ አራት ቆጥሮ፣ ሁለት ያተረፈ ሰው ይሄይስ ሰኞ እንዳይባረር፣ እንዲኖር የፈለገ ሰው ነው። የቀረበትን ሊያሟላለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲቀር ኋላ ባንድ ላይ ይሟላል ብሎ የሚያምን፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ አድርጎ ያልተሳሳተ ሰው።»

የመምሬ እጅ መስቀሉ ላይ ቀረ። ማንም ወደ ወይዘሮ አደይ ለማየት አልደፈረም።

እሳቸው ግን ሽንቁሩን እያዩ ነበር። ተነሡና የባቄላውን ጣባ አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«በያንዳንዱ ባቄላ አንዳንድ እያልኩ አወጣሁ» አሉ በቀስታ። «እንዳልሳሳት ሁለቴ ቆጠርኩ። መዋጥ ደክሞት ነበርና ወቅጬ በማር በጠበጥኩለት። 'እማዬ መረረኝ' አለኝ። 'ለፍሬ ስትል ጨልጠው' አልኩት።» ቀና ብለው ውዳሴን አዩ። «ጨለጠው እኮ።»

«እማማ…» አለች እንቁ።

«ቆይ።» ወይዘሮ አደይ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። አሥራ ስድስቱን እንዳለ ይዘንልህ ብንመጣ ኖሮ፣ ታስወጣው ነበር?»

ውዳሴ ዶክተሩ በዋሸ ብላ ጸለየች። ያ ሰው ውሸት የሚያውቅ አልሆነም፤ ወይም አሁን መዋሸት ነውር መሰለው።

«ለምን ተረፈ ብለን እንጠይቅ ነበር። ጸበል ገብቶ ነው ብለን እንጽፍና አዲስ ብልቃጥ እንሰጠው ነበር።»

«አይባረርም ነበር?»

«አይባረርም ነበር፣ እማማ።»

ወይዘሮ አደይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠየቁትን መንገድ እንዳሳዩት ሰው። አልጮኹም፣ ፊታቸውን አልነጩም። ባቄላዎቹን ወደ አንድ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላ ጎን ያደርጓቸው ጀመር፤ እንቁ መጥታ ጣባውን ከጭናቸው እስክታነሣና በሁለት እጇ አቅፋ እስክትይዛቸው ድረስ። ወንዳወቅ ወጥቶ አጥሩ ሥር አለቀሰ።

ዶክተር ላቀው ማታውኑ ለኮሚቴው ጻፈ። ኮሚቴው ማክሰኞ ሙከራውን አልዘጋም፤ የደሙን ውጤት ልጠብቅ አለ። በአራተኛው ሳምንት ውጤቱ መጣ፤ በይሄይስ ደም ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ሰው በቀን ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ነበር። ለፍሬ ብልቃጥ ተመለሰላት። ዐቃቤ ሕጉም ፋይሉን ሁለት ጊዜ አንብቦ ክስ አልመሠርትም ብሎ ዘጋው።

ይህን ለወይዘሮ አደይ በደብዳቤ መንገር ለውዳሴ አልሆነላትም። አንድ ማለዳ ራሷ ሄደች። አጥሩ ሥር ቆመው አገኘቻቸው፤ ከስተዋል።

«አይከሰሱም እማማ። ፋይሉ ተዘግቷል።»

«ብታስሪኝ ይሻለኝ ነበር» አሉ።

«እዚህ ለምን ቆሙ?»

«ልጅቷ መድኃኒት የምትወስድበት ሰዓት ነው። እኔ ያን ጊዜ እቤት አልገባም።»

እንቁ ከቤት ወጣች። በመዳፏ አንዲት ክኒን ይዛለች፤ ፍሬም የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ አፏ ውስጥ ያለውን እንጀራ እያላመጠች ተከተለቻት። እንቁ አማቷ ፊት ቆመች።

«ዛሬ እርስዎ ይስጧት።»

«ተይ እንቁ።»

«በየቀኑ እየወጡ አይችሉም እማማ። ልጅቷ ምን አጠፋሁ እያለች ነው።»

«በዚህ እጅ ነው ልጄን የገደልኩት።»

«ያሳደጉትም በዚሁ ነው» አለች እንቁና የአማቷን መዳፍ ገልጣ ክኒኗን አኖረችበት።

ወይዘሮ አደይ ክኒኗን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እጃቸውን ሊስቡ ሲሉ ፍሬ በሁለት እጇ ያዘችላቸው፤ ከዚያም ራሷ አፏን ወደ መዳፋቸው አስጠግታ ወሰደችና ዋጠች። ውሃ ጠጥታ፣ አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ አያቷን ጉንጫቸው ላይ ሳመቻቸው።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አደይ መሬት ላይ ተቀመጡና የልጃቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እንቁ አጠገባቸው ተቀመጠች። ውዳሴ ትሰናበት ወይ ትቆይ ግራ ገብቷት ቆመች፤ በመጨረሻ እሷም ተቀመጠች። ፍሬ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና፣ ትምህርት ቤት ስለረፈደባት ደብተሯን ይዛ እየሮጠች ሄደች።